ሠዓሊው ሻርዳንና የማዕድ ቤት ዕቃዎቹ

ሥዕል ለሚማር ጀማሪ በመጀመሪያ ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ጥቂት ዕቃዎችን እያዩ መሣል ነው። ማሰሮ፣ ጠርሙስ፣ ሁለት ሦስት ሎሚ፣ ከኋላ የተንጠለጠለ ጨርቅ፤ ሙያተኛው በተለምዶ «ስቲል ላይፍ» የሚለው፣ እኛ ግን የግዑዝ ዕቃ ሥዕል ልንለው የምንችለው ሥራ ይህ ነው። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልምምድ የሚታገሠው ሰውን፣ ታሪክንና የሀገርን ትልቅ ጉዳይ ወደሚሥልበት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱ የሚተረክለት ሰው ግን ወደ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ደጋግሞ እየተመለሰ፣ ከሰባ ዓመቱ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዘይት ቀለም የሠራውን ትንንሽ ሥዕል ሳያቋርጥ የኖረ ነው። በዘመኑ እንደ ዝቅተኛ ይቆጠር የነበረውን የሙያ ዘርፍ ይዞ በሀገሩ ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ለዚህም የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ዣን ሲሜዮን ሻርዳን የተወለደው በፓሪስ ከተማ ኖቬምበር 2 ቀን 1699 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አናጢ ነበር፤ በተለይም በቢሊያርድ ጠረጴዛ ሥራ የታወቀ ስለ ነበር ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ይሠራ ነበር። ልጁ ያደገው እንግዲህ በመጋዝ ብናኝና በልኬት መካከል ነው። የቢሊያርድ ጠረጴዛ ጥቂት እንኳ ዘንበል ካለ ዋጋ የለውም፤ ይህን ከሕፃንነቱ ያየ ሰው በኋላ ዘመን አንድ ድስት የቱ ጋ መቀመጥ እንዳለበት ለመወሰን ረጅም ጊዜ ቢወስድ አያስደንቅም። ሻርዳን ከሴን ወንዝ በስተግራ፣ በሴንት ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በሚገኘው ሰፈሩ እስከ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ድረስ ኖሯል። ኢጣልያን አላየም። የዘመኑ ሠዓሊ ሁሉ ወደ ሮማ ለመሄድ ሲመኝ እርሱ ከፓሪስና ከአካባቢዋ ርቆ አልሄደም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ መምህሩ የታሪክ ሠዓሊው ፒዬር ዣክ ካዝ ነበር። በካዝ ሥዕል ቤት የነበረው ትምህርት በአመዛኙ የመምህሩን ሥራ መገልበጥ ነበር፤ ሕያው ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ለመሥራት የሚያስችል ገንዘብ አልነበረምና። ከዚያም ወደ ኖኤል ኒኮላ ኩዋፔል ዘንድ ሄደ። ኩዋፔል የአንድ አዳኝ ሰው ምስል እየሠራ ሳለ በእጁ የያዘውን ጠመንጃ እንዲሥል ወጣቱን አዘዘው። ሻርዳን ይህ የረዳት ሥራ ቀላል መስሎት ነበር። መምህሩ ግን ጠመንጃው ብርሃን በትክክል እንዲያገኝ አቀማመጡን በብዙ ጥንቃቄ ሲያስተካክል ባየ ጊዜ ተገረመ። ከካዝ ዘንድ በነበረበት ጊዜ አንድን ነገር በፊቱ አስቀምጦ፣ ብርሃኑን መርጦ፣ ያየውን ብቻ መሥራት ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

በ1724 የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ በሚባለው የፓሪስ ሠዓሊዎች የሙያ ማኅበር ውስጥ በባለሙያነት ተመዘገበ። (ወንጌላዊው ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ሣለ በእኛም ሀገር ስለሚነገር የማኅበሩ ስያሜ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።) ይህ ማኅበር ሥዕልን ከሌሎች የእጅ ሙያዎች እኩል የሚያይ፣ አባላቱም የንግድ ቤት ምልክት ከመሥራት ወደ ኋላ የማይሉ ነበሩ። ከዚህ በላይ በ1648 የተቋቋመው የንጉሡ የሥዕልና የቅርጽ አካዳሚ ነበር፤ ክብሩም፣ የመንግሥት ሥራውም፣ የማስተማሩ ሥልጣንም የሚገኘው ከዚያ ነው።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ነገር የደረሰው በእነዚህ ዓመታት ነው። ወዳጁ ኮሼን ከሞቱ በኋላ ስለ እርሱ በጻፈው ታሪክ እንደ ተረከው፣ ሻርዳን አንድ የሞተ ጥንቸል ተሰጠውና ሊሥለው ፈለገ። ሊሠራ በተቀመጠ ጊዜ ግን ቀደም ሲል ያያቸው የሌሎች ሠዓሊዎች ጥንቸሎች በዓይኑ ፊት ድቅን አሉበት። ፀጉር እንዴት እንደሚሠራ ከሌሎች ሥዕሎች ያውቃል፤ ያንን ቢከተል የሚወጣው የእነርሱ ጥንቸል እንጂ በፊቱ የተጋደመው አይሆንም። ስለዚህ ያየውን ሁሉ፣ የተማረውንም ጭምር ለመርሳት ወሰነ። ጥንቸሉን ዝርዝሩ እስከማይለይበት ድረስ ከራሱ አራቀው። ፀጉሩን አንድ በአንድ መከታተል ትቶ የጠቅላላውን ቀለም፣ የአካሉን ክብነት፣ ብርሃኑ የሚያርፍበትንና ጥላው የሚወፍርበትን ስፍራ በትክክል ለመያዝ ተጣጣረ።

በዚህ ትንሽ ታሪክ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ዕቃን ከዓይን ማራቅ የሚመስለውን ያህል ቀላል ብልኃት አይደለም። ነገሩ በቀረበ ቁጥር እጅ የሚያውቀውን ይሠራል፤ ጥፍር ሲያይ ጥፍር፣ ጺም ሲያይ ጺም ይሥላል፤ የነገሮቹ ስም ከዓይን ቀድሞ ይደርሳል። በራቀ ጊዜ ግን ስሞቹ ይጠፉና የቀሩት የቀለም ጉብታዎች ብቻ ይሆናሉ፤ ይህኛው ከዚያኛው ይሞቃል፣ ያኛው ከዚህኛው ይጨልማል ማለት ብቻ ይቀራል። ሠዓሊው የሚመዝነው አንዱን ከሌላው ጋር ነው። የጥንቸሉ ሆድ ነጭ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ከኋላው ካለው ድንጋይ አንጻር ምን ያህል ነጭ ነው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አለው። ሻርዳን ይህን ጥያቄ በየዕለቱ ደጋግሞ ሊጠይቀው የሚችለው ዕቃው ትንሽ፣ ሸራውም ትንሽ፣ አቀማመጡም በእጁ ያለ በመሆኑ ነበር። ለአንድ ትልቅ የታሪክ ሥዕል ከሃያ በላይ ሰዎች ማቀናበር የሚኖርበት ሠዓሊ ይህን ጥያቄ በዓመት ስንት ጊዜ በትክክል ሊጠይቅ ይችላል?

ሌላም ነገር አለ። ሻርዳን በወረቀት ላይ ብዙ ንድፍ አዘጋጅቶ ወደ ሸራ የመገልበጥ ልማድ አልነበረውም። ዕቃውን አይቶ በቀጥታ በሸራው ላይ ይሠራ ነበር። ስሕተቱንም የሚያርመው እዚያው፣ በቀለም ላይ ቀለም እየጨመረ ነው። ከዚህም የተነሣ ሥራው ዘገምተኛ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ከሠራቸው ውስጥ ዛሬ የሚታወቁት ከሁለት መቶ ጥቂት የሚበልጡ ሥዕሎች ናቸው፤ ለዓመቱ ሲከፋፈል አራት ያህል ይደርሳል። በየጊዜው ትንሽ ሥዕል መሥራት ማለት ብዙ ሥዕል ማምረት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር የዚህ ሠዓሊ ታሪክ አያግዘውም። የሻርዳን ዘወትራዊነት በቁጥር የሚገለጥ ሳይሆን ወደዚያው ጠረጴዛ፣ ወደዚያው ዕቃ ደጋግሞ በመመለስ የሚገለጥ ነው።

በ1728 የሥጋ ወደሙ በዓል በሚከበርበት ቀን ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን በአደባባይ በሚያሳዩበት በፕላስ ዶፊን ጥቂት ሥዕሎች አቀረበ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘው ትልቁ የዓሣ ሥዕል ነበር። ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ሆዱ ተዘርግፎ ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በግራ በኩል አንዲት ድመት ጀርባዋን አጉብጣ የዛጎል ክምር ላይ ቆማለች፤ በቀኝ በኩል የማዕድ ቤት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ የቢላው እጀታም ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ወደ ተመልካቹ ያመለክታል። ያዩት የአካዳሚ አባላት ለአካዳሚው እንዲያመለክት መከሩት። ሥዕሎቹን በአካዳሚው መግቢያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ዋዛ አስቀምጦ ሳለ፣ አዛውንቱ ሠዓሊ ላርዢሊዬር ሲያልፍ አይቷቸው የጥንት የፍላንደርስ ሠዓሊ ሥራ መስለውት አድንቋል ይባላል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1728 በአንድ ቀን ማመልከቻውም ቀረበ፣ አባልነቱም ጸደቀ። እንዲህ ያለ ፍጥነት የተለመደ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የተመዘገበበት ማዕረግ መታወቅ አለበት። በእንስሳትና በፍራፍሬ የተካነ ሠዓሊ ተብሎ ነው የገባው። ከ1667 ጀምሮ ፌሊቢዬን በጽሑፍ ያደራጀው የዘርፎች ደረጃ በአካዳሚው እንደ ሕግ ይታይ ነበር። በላይ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል፣ ከዚያ የሰው ምስል፣ ከዚያ እንስሳትና መልክዓ ምድር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎች ይመጣሉ። የአካዳሚው የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ለታሪክ ሠዓሊዎች ብቻ የተተወ ነበር። ስለዚህ ሻርዳን በኋላ ምንም ያህል ቢከበር፣ በ1743 አማካሪ፣ በ1755 ገንዘብ ያዥ ቢሆንም፣ በዚያ ቤት ፕሮፌሰር ሊሆን አልቻለም። ያንን ሁሉ ዕውቀት ይዞ የማስተማር ሥልጣን ሳይኖረው ቀረ። ይህ ቅሬታ በልቡ ውስጥ እንደ ነበረ የሚያሳየው በልጁ ላይ ያደረገው ነገር ነው፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

በ1731 ማርግሪት ሴንታርን አገባ። በዚያው ዓመት በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሁለት ተጓዳኝ ሥዕሎች ሠራ፤ አንዱ የጾም፣ ሌላው የፍስክ ምግብ ነው። በፍስኩ ሥዕል የተንጠለጠለ ሥጋ፣ በጾሙ ሥዕል የተንጠለጠለ ዓሣ ይታያል፤ የእነርሱ ጾም ዓሣን ይፈቅዳልና። የሰሌዳዎቹ ልክ እያንዳንዳቸው 33 በ41 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ልክ አንባቢ በልቡ ቢይዝልኝ መልካም ነው።

በእነዚህ ዓመታት የሠራቸው ሥዕሎች ዕቃዎች የሚያስገርሙ አይደሉም። ሙቀጫና ዘነዘና፣ የመዳብ ድስት፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የበርበሬ መፍጫ፣ ጨርቅ። እነዚያው ዕቃዎች ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ፤ አንዴ ድስቱ በግራ ይሆናል፣ አንዴ ይገለበጣል፣ አንዴ ሽንኩርቱ ከፊቱ ይመጣል። ብዙዎቹ የቤቱ ንብረት ነበሩ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በተደረገው የንብረት ቆጠራ ከተመዘገቡት ዕቃዎች ውስጥ በሥዕሎቹ የምናውቃቸው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ የፒፓ ማስቀመጫው ሣጥን። ወደ 1734 ገደማ በትንሽ እንጨት ላይ የሠራው የመዳብ የውሃ ጋን ቁመቱ ከ29 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ያ ጋን በሥዕሉ መካከል እንደ ሐውልት ቆሞ ይታያል። ሠዓሊው ያጎላው በመጠኑ አይደለም፤ የመዳቡን ቅላት ከግድግዳው ግራጫ ጋር በትክክል ስላመዛዘነው ነው እንዲያ የከበደው።

የሙያ ጓደኛው አቬድ የሰው ምስል ሠዓሊ ነበር። አንዲት ሴት ለምስሏ አራት መቶ ሊቭር ልትከፍለው ብትል አንሶኛል ብሎ እምቢ አለ። ሻርዳን ለትንሽ ሥዕል የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ስለ ነበር አራት መቶ ጥሩ ገንዘብ መሆኑን ነገረው። አቬድም የሰው ምስል እንደ ቋሊማ ለመሥራት ቀላል አለመሆኑን በመጥቀስ መለሰለት። ቀልዱ የሻርዳንን ልብ ወግቷል ይባላል። ከ1733 ገደማ ጀምሮ ወደ ሰው ሥዕል የተሸጋገረበት ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ገበያውና ክብሩ የሚገኝበት አቅጣጫ የቱ እንደ ሆነ የገባው ይመስላል።

በ1735 ሚስቱ ሞተች። ሴት ልጁም በሕፃንነቷ ተከተለቻት። ዣን ፒዬር የሚባለው ወንድ ልጁ ብቻ ቀረለት።

የሰው ሥዕሎቹ ታሪክ ብዙ የተጻፈበት ስለ ሆነ እዚህ በአጭሩ ይታለፋል። ከ1737 ጀምሮ በሉቭር በሚደረገው ሳሎን በሚባለው ኤግዚቢሽን እየታዩ ስሙ ገነነ። የሳሙና አረፋ የሚነፋ ልጅ፣ በካርታ ቤት የሚሠራ ወጣት፣ ልጆቿን ጸሎተ ማዕድ የምታስተምር እናት፤ እነዚህ ሁሉ በመዳብ ላይ እየተቀረጹ በሕትመት ተሰራጩ። በ1740 በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት ቀርቦ ጸሎተ ማዕዱንና ታታሪዋን እናት አበረከተ። በ1744 ፍራንስዋዝ ማርግሪት ፑዤ የምትባል ሀብት ያላት መበለት አገባና ኑሮው ተደላደለ። በ1752 ከንጉሡ የ500 ሊቭር ጡረታ ተሰጠው፤ በ1757 ደግሞ በሉቭር ቤተ መንግሥት ውስጥ መኖሪያና መሥሪያ ቤት አገኘ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ እንኳ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ሻርዳን የት እንደ ሠለጠነ ያውቃል። ልጆቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እናቲቱ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ሰዎቹን የሣላቸው ድስት በሚሣልበት ትዕግሥት ነው።

ከ1740ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዕቃዎቹ ተመለሰ። ዝናው በሰው ሥዕል ላይ የቆመ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው የጀማሪ ልምምድ ወደሚባለው ሥራ መመለሱ ብዙዎችን ግራ አጋብቷል። የዘመኑ ሐያስያን ስለ ስንፍናው ይናገሩ ነበር። ያረጁ ሥራዎቹን ደግሞ ያሳየናል የሚሉም ነበሩ። እርሱ ግን በዚህ ጊዜ የሠራቸው ሥዕሎች ናቸው በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጡት።

አሁን ያንን ልክ እናስታውስ። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የካርኔጊ ሙዚየም የሚገኝ፣ ወደ 1761 ገደማ የተሠራ ሥዕል አለ። ሸራው 32 በ41 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በመዳብ ላይ ከሠራቸው ከጾሙና ከፍስኩ ሥዕሎች ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1731ዱ ሰሌዳዎች ላይ ብዙ ነገር ታጭቋል፤ ተንጠልጥሎአል፣ ተደርድሮአል፣ ተደግፎአል። በኋለኛው ላይ ያለው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የሸክላ የቡና ማፍያና ሦስት ነጭ ሽንኩርት ከጥቂት ቅጠል ጋር ብቻ ነው። ጀበና አጠገቡ ያደገ የእኛ ሀገር ሠዓሊ ይህን ሥዕል ሲያይ እንደ ራሱ ጓዳ ሊሰማው ይችላል። የቡና ማፍያው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ ምንም ቀለም የለውም፤ ቀለሙን ሁሉ የተበደረው ከግድግዳውና ከጠረጴዛው ነው። ወጣቱ ሻርዳን በትልቁ የዓሣ ሥዕል ድመት፣ ቢላዋ፣ ዛጎልና ደም ማሳየት አስፈልጎት ነበር፤ ያ ሥዕል ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹን ለማስደነቅ እንደ ተሠራ አይደበቅም። ይህኛው ማንንም ለማስደነቅ አይሞክርም። ሠላሳ ዓመት የጨመረው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ባልደረባ የሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃዋል።

በ1761 ሳሎን ያቀረበው የዱር እንጆሪ ቅርጫትም የዚህ ዘመን ሥራ ነው፤ 38 በ46 ሳንቲ ሜትር። እንጆሪዎቹ አንድ በአንድ አልተቆጠሩም፤ ቀይ ጉብታ ሆነው ተከምረዋል፤ አጠገባቸው ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ነጭ አበባ፣ ሁለት ቼሪና አንድ ኮክ አሉ። ጥንቸሉን ካራቀበት ቀን ጀምሮ የፈለገው የጅምላው እውነት እዚህ ላይ ፍጹም ሆኖ ይታያል። ሥዕሉ በ2022 በፓሪስ ጨረታ ከ24 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሽጦ ከሀገር ሊወጣ ሲል የፈረንሳይ መንግሥት ብሔራዊ ቅርስ ብሎ አገደው፤ ሉቭርም ከሺህ ከሚቆጠሩ ለጋሾች ጭምር ገንዘብ አሰባስቦ በ2024 የራሱ አደረገው። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከታሪክ ሥዕል ዋጋ አጠገብ አይደርሱም ነበር።

ከ1755 ጀምሮ የሳሎኑን ሥዕሎች የመስቀል ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ከወለሉ አጠገብ እስከ ጣሪያው ድረስ ተጠጋግተው ይሰቀሉ ስለ ነበር የማን ሥራ በዓይን ትክክል፣ የማን ከጣሪያ ሥር ይሁን የሚለው ውሳኔ ጠብ የሚያስነሣ ነበር። ሻርዳን ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ገደማ ተሸከመ። በማኅበር ሥራ የደከመ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ገንዘብ ያዥነቱንም የለቀቀው በ1774 ነው።

ፈላስፋው ዲድሮ ስለ ሳሎኑ ከ1759 ጀምሮ ይጽፍ ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ ካደነቃቸው ሠዓሊዎች አንዱ ሻርዳን ነው። በ1765 ሻርዳን ለዲድሮና ለሌሎቹ ጸሐፊዎች ገርነትን እንዲያበዙ የመከረውን ዲድሮ መዝግቦታል። የምክሩ ፍሬ ነገር የሠዓሊ ትምህርት ምን ያህል ረጅምና ጨካኝ እንደ ሆነ ማስረዳት ነበር። ልጁ በሰባትና በስምንት ዓመቱ እርሳስ ይይዛል፤ ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ከዚያ እጅና እግር ሲገለብጥ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጀርባው ጎብጦ በሐውልት ፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ ሕያው ሰው ሲቀርብለት እስከዚያ የተማረው ሁሉ ይጠፋዋል፤ ዓይኑ ተፈጥሮን ማየት ገና አልተማረምና። አብዛኞቹ በሃያ ዓመታቸው መንገዱ እንደማያዋጣቸው ይረዳሉ፤ በዚያ ጊዜ ግን ሌላ ሙያ ለመያዝ ዘግይተዋል። በኤግዚቢሽኑ ላይ ከሁሉ የከፋ የተባለውን ሥዕል እንኳ ለመሥራት ያቃታቸው ብዙ ሺህ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች እንዳሉ እንዲያስቡ ለመናቸው። ይህን የተናገረው ሰው በሙያው የተሳካለት ነበር። ሆኖም ሲናገር በአእምሮው ያለው የራሱ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ዣን ፒዬር ሻርዳን አባቱ ያልሆነውን እንዲሆን የተላከ ልጅ ነበር። አባቱ የላቲንና የታሪክ ትምህርት ባለማግኘቱ ይቆጭ ስለ ነበር ልጁን ወደ ታሪክ ሥዕል መራው። ልጁም በ1754 የአካዳሚውን ታላቅ ሽልማት አግኝቶ በ1757 ወደ ሮማ ሄደ። እዚያ ግን ሥራው አልሰምር አለው። በ1762 በጄኖዋ አቅራቢያ በባሕር ላይ በእንግሊዝ ወንበዴ መርከበኞች ተያዘ። ኋላም በቬኒስ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል ብለው የሚገምቱ አሉ። በእርሱ ስም የሚታወቅ ሥራ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጥቂት ነው። ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ የከበረው አባት ልጁን በዚያ ጠረጴዛ ፊት አላስቀመጠውም። አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልስ መስጠት ግን አይቻልም። የዘመኑ ክብር ወደ የት እንደሚያመለክት አባትየው ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበርና አብዝቶ መውቀስም አግባብ አይመስለኝም።

በ1766 የሩሲያ ንግሥት ካትሪን 2ኛ ለሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንዲሆን ያዘዘችውን ሥዕል ሠራ። በዚህ ላይ የወዳጁ የቅርጽ ባለሙያው የፒጋል የሜርኩሪ ሐውልት፣ የሕንጻ ንድፎች፣ የሠዓሊው የቀለም ሰሌዳና ብሩሾች ተደርድረዋል። የታሪክ ሠዓሊ ይህን ሐሳብ በክንፍ ባላቸው ሴቶች ይገልጠው ነበር፤ ሻርዳን በመሣሪያዎቹ ብቻ ገለጠው። ወደ 1768 ገደማ ደግሞ ያን የብር ጽዋ በሉቭር በሚገኘው ሥዕል ሠራ፤ በጽዋው ሆድ ላይ የሦስት ፖም ቅላት እንደ ፍም ይንጸባረቃል። አንድ የብር ጽዋ በሥራዎቹ ውስጥ ከወጣትነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ብሩ በነጭ ብልጭታ የተሠራ ነው፤ በዚህ ግን ነጩ ብልጭታ ትንሽ ነው፤ ብር መሆኑን የምናውቀው በዙሪያው ካሉት ነገሮች ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኑና ጤናው ከዱት። የዘይት ቀለም ሽታና ቅመሙ ይጎዳው ጀመር፤ በዘመኑ ነጭ ቀለም የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን መሆኑን የዛሬው ሠዓሊ ልብ ሊለው ይገባል። በ1770 የንጉሡ ቀዳሚ ሠዓሊ የሆነው ፒዬር ለሻርዳን ወዳጅ አልነበረምና በአካዳሚውም ቦታው ጠበበ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ዘይቱን ትቶ ፓስቴል የሚባለውን ደረቅ የቀለም ጠመኔ አነሣ። ከዚህ በፊት በፓስቴል አልታወቀም ነበር። በ1771 ሳሎን ያቀረበው የራሱ ምስል መነጽር ያጠለቀ፣ ራሱ በጨርቅ የተጠመጠመ ሽማግሌ ነው። በ1775 ደግሞ ዓይኑን ከብርሃን የሚከልል ግርዶሽ አድርጎ ራሱን ሣለ። በፊቱ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረት ከሮዝ አጠገብ ተቀምጧል፤ ራቅ ሲባል ሥጋ ይሆናል። ጥንቸሉን ካራቀበት ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ አሁን ያራቀው የራሱን ፊት ነው።

በ1779 ሳሎን የአንድ ወጣት አገልጋይ ምስል በፓስቴል አቀረበ። የንጉሡ አክስት ልዕልት ቪክቷር ሥዕሉን ወደደችውና የወርቅ የሱረት ሣጥን ላከችለት። ዲሴምበር 6 ቀን 1779 በሉቭር መኖሪያው ዐረፈ፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል። ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ስሙ ተረሳ። በ1869 ሐኪሙና ሥዕል ሰብሳቢው ሉዊ ላ ካዝ ለሉቭር በኑዛዜ ካወረሳቸው ሥዕሎች መካከል የሻርዳን ሥራዎች ነበሩበት፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎች እየሄዱ ያዩት ጀመር። ማቲስ በወጣትነቱ በሉቭር ተቀምጦ ያን የተዘረገፈውን የዓሣ ሥዕል ገልብጦታል። በቦሎኛ ከተማ ከጥቂት ጠርሙሶች ጋር ዕድሜውን ያሳለፈው ሞራንዲም ሻርዳንን ከሚያደንቁት አንዱ ነበር። ባለቤቱ ፍራንስዋዝ ማርግሪት ባሏ ከሞተ በኋላ ዓሥራ አንድ ዓመት ኖራ በ1791 ሞተች።